ገዝቶ ማጥመድ ወይስ አስሮ ማጥመድ? ለጣና ዳር የዓሣ ዝንብ ጀማሪዎች የንጽጽር መመሪያ

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስድስት ሰው ሠራሽ ዝንብ ግዙ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋችሁን ራሳችሁ እሰሩ። ስድስቱ ለመማሪያ እንጂ ለማጥመጃ አይደሉም። አንዱን በምላጭ ቀስ ብላችሁ ፍቱት። ክሩ ከየት እንደተነሣ፣ ላባው በየትኛው ጫፉ እንደታሰረ፣ ጭራው ከመንጠቆው ርዝመት ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሆነ በጣታችሁ ታገኙታላችሁ። አምስቱን ደግሞ በምትሠሩበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እነሱን እያያችሁ ሥሩ።

ለነገሩ አዲስ ለሆናችሁ፣ ሰው ሠራሽ ዝንብ ማለት በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ጠጉርና ክር እየተጠመጠመ ነፍሳትን ወይም ትንሽ ዓሣን እንዲመስል የሚሠራ ማጥመጃ ነው። ትልም ሊጥም አይሰካበትም፤ ዓሣው የሚታለለው በቅርጹና በእንቅስቃሴው ነው። ሙያው ያደገው ትራውት በሚባለው የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ዙሪያ ነው። በአገራችን ትራውት የሚታወቀው በባሌ ተራሮች ነው፤ ከኬንያ መጥቶ በዌብ፣ በሻያና በዳንካ ወንዞች ተለቅቆ እዚያው ተራብቷል። ጣና ውስጥ ግን ትራውት የለም፤ ውሃው ይሞቅበታል።

ጣና ያለው ነጭ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ወገን ተመራማሪዎች ሲለዩት ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ሆኖ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹም ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። ከስምንቱ አንዱ በ1997 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ሲመዘገብ የተሰጠው የላቲን ስም «የትራውት ቅርጽ ያለው» የሚል ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለባሌ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ የነበረውን ሙያ እዚሁ ደጃፌ ላይ አገኘሁት። ለዚህ ዓሣ ተብሎ የታሰረ ዝንብ በየትኛውም አገር ሱቅ እንደማይሸጥም የገባኝ ያኔ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

የተገዛውና የታሰረው

የተገዛ ዝንብ ትልቁ ጥቅሙ የእጅ ሥራው ጥራት ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ለውጭ ገበያ ዝንብ የሚያስሩ ባለሙያዎች ያሏት አገር ናት። እጃቸው አይዛነፍም፤ አሥር ዝንብ ብትገዙ አሥሩም አንድ ዓይነት ናቸው። ከናይሮቢ የሚመለስ ዘመድ ካላችሁ ከአውሮፓ ከማስመጣት ይልቅ ለእሱ አደራ በሉት።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አብዛኛው ለትራውት የተለካ ነው። በዝንብ አሳሪዎች ቋንቋ የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ ለትራውት የሚሸጡት ብዙዎቹ ከ12 እስከ 18 ቁጥር ናቸው። ዓሣ አሳዳጁ ነጭ ዓሣ ግን የሚፈልገው ከ4 እስከ 8 ቁጥር ባለው መንጠቆ ላይ የታሰረ፣ የጣት ርዝመት ያለው ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት አጥማጁን ማስፈራቱ ነው። የተገዛ ዝንብ ብቻ በነበረኝ ዘመን ከደንገሉ አራትና አምስት ሜትር ርቄ እጥል ነበር፤ ደንገሉ ቢይዝብኝ ሌላ ከየት አመጣለሁ እያልሁ። ዓሣው ግን ትንንሾቹን ዓሦች የሚያደባው ከደንገሉ ሥርና በዘጌ በኩል ካሉት ድንጋዮች መሐል ነው። ራሴ ማሰር ከጀመርሁ ወዲህ ዝንቡን ደንገሉ ጫፍ ላይ ነው የምጥለው። በአንድ ጠዋት አራት ዝንብ ደንገሉ ውስጥ ይቀርብኛል፤ በዚያው ጠዋት ዓሣም እይዛለሁ። አስሮ ማጥመድን ከምመርጥባቸው ምክንያቶች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ሌላው ጥቅሙ ማታውኑ ማስተካከል መቻላችሁ ነው። በአንድ የታኅሣሥ ጠዋት ዓሦቹ ዝንቤን እስከ ጀልባዋ ድረስ ይከተሉና ሳይነክሱ ይመለሱ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ የአራቱን ጭራ በግማሽ አሳጠርሁት። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ዓሣ ያዝሁ። ቀድሞ የጭራውን ጫፍ ብቻ እየነከሱ ይተዉት ኖሯል። በተገዛ ዝንብም ጭራ መቁረጥ ይቻላል፤ ግን ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን ነገር ለሙከራ በመቀስ የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው።

«አስሮ ማጥመድ ገንዘብ ይቆጥባል» የሚለውን ግን ሳታመዛዝኑ አትቀበሉ። በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣው ከሚገዛው ይበልጣል። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ብቻ ውሃ ዳር የምትወርዱ ከሆነ ግዙ፤ መሣሪያው አቧራ ይለብሳል። በወር ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የምትወጡ፣ ወይም የክረምቱን ረጅም ማታ በእጅ ሥራ ማሳለፍ ደስ የሚላችሁ ከሆነ እሰሩ።

ሙሉ ሣጥን ወይስ አንድ በአንድ?

ከውጭ የሚመጣ የጀማሪ ሣጥን አለ፤ ስታስሩ መንጠቆውን ነክሶ የሚይዝላችሁ መያዣ፣ መቀሱ፣ ክሩ፣ በደማቅ ቀለም የተነከሩ ላባዎች አብረውት ይመጣሉ። ለማየት ያምራል። እኔ ግን አልመክረውም። በብዙዎቹ ውስጥ መያዣው ልፍስፍስ ነው፤ ላባው ደግሞ እዚሁ ሠፈር በነጻ ከሚገኘው ያነሰ ነው። የገንዘባችሁን አብዛኛውን በሁለት ነገር ላይ አውሉት፦ በመንጠቆና በመያዣው። ሌላው ሁሉ ከገበያና ከጓዳ ይገኛል።

ክር የልብስ ሰፊ ይበቃል። ጥጡ በቶሎ ይበጠሳል፣ የዝንቡንም ራስ ያወፍራል፤ ፖሊስተሩን ምረጡ፤ ቀጭኑን። በማር ሰም ስትፈትጉት ላባውን አጥብቆ ይይዛል፤ ከጧፍ የተረፈች ቁራጭ ለዓመት ትበቃለች። ለዝንቡ ሆድ የበግ ጠጉር ተወዳዳሪ የለውም፤ ውሃ ጠጥቶ ይሰጥማል፣ ጥቁሩና ቡናማውም ቀለም መንከር አያስፈልገውም። የፍየል ጠጉር ደግሞ ውሃ አይጠጣም፤ ረዘም ያለና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ለጀርባ ይሆናል። ሁለቱን አታቀያይሩ። በሆዱ ዙሪያ የሚጠመጠመውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሞተር ከሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ዘንድ ታገኛላችሁ፤ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ቁራጭ ይበቃችኋል። ለብልጭታ ሸማኔ ጥለት ሲሠራ የሚተርፈው ወርቅማ ክር አለ። የዝንቡን ራስ የሚያደርቅላችሁ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ነው።

ነጭ ላባና ጠጉር ለማቅለም ከኩሽና አትውጡ። እርድ ቢጫ ያደርጋል፤ የቡና አተላ የደረቀ ሣር ቀለም ይሰጣል። ለደማቁ ቀለም የምግብ ቀለምን ከጥቂት አቼቶ ጋር በሙቅ ውሃ በጥብጡበት። ውሃው እንዳይፈላ ተጠንቀቁ፤ የፈላ ውሃ ላባን ያኮማትራል።

መያዣውን እኔ ሞርሳ ነው የምለው፤ ጋራዥ ውስጥ ካለው ሞርሳ በመጠን እንጂ በሥራ አይለይም። ምርጫው ሦስት ነው። ከጠረጴዛ ጫፍ ጋር በብሎን የሚጠብቀው ተራው የውጭ ሞርሳ ለጀማሪ ከሁሉም ይሻላል። የሚሽከረከረው ውድ ነው፤ ሁለት መቶ ዝንብ ሳታስሩ አትግዙት። ሦስተኛው እዚሁ ማሠራት ነው። እኔ አንድ የብረት ሥራ ቤት አሠርቼ ነበር፤ መንጋጋው ከለስላሳ ብረት ስለተሠራ በወር ውስጥ መንጠቆው ይንሸራተትበት ጀመር። ከዚያ የተሻለው ነክሶ የሚቆለፍ ፒንሳ ገዝቶ በእንጨት ጉማጅ ላይ ማሰር ነው። ለ4 እና ለ6 ቁጥር መንጠቆ በደንብ ይሠራል፤ ለትንንሾቹ ግን አፉ ሰፊ ስለሆነ ግማሹን መንጠቆ ይሸፍንባችኋል።

ላባ፦ የበዓል ዋዜማ ሀብት

ከ1,800 ዓመት በፊት የኖረ አንድ ሮማዊ ጸሐፊ የመቄዶንያ ሰዎች ቀይ የበግ ጠጉር በመንጠቆ ላይ ጠምጥመው ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ እያሰሩ ነቁጥ ያለበት የወንዝ ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ጥቂት ነው። የበግ ጠጉርና የአውራ ዶሮ ላባ ደግሞ በጎጃምና በጎንደር የማይገኝበት ቤት የለም።

ችግሩ ላባው በፈላ ውሃ ተነክሮ መነጨቱ ነው። የተነከረ ላባ ይጨማደዳል፣ ይሸታል፣ ቃጫውም ይጣበቃል። ስለዚህ ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ቀደም ብላችሁ ጎረቤት ንገሩ። ባለፈው ፋሲካ አጥር የምንጋራቸውን እናት ቀድሜ ለመንኋቸው።

«እትዬ፣ ዶሮው ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአንገቱንና የጀርባውን ላባ በደረቁ ልንጨው?»

«ላባ ምን ያደርግልሃል ልጄ?»

«ዓሣ አጠምድበታለሁ።»

ዶሮውን አቀበሉኝና ሰፌድ አመጡልኝ። አሁን በየበዓሉ ራሳቸው ነጭተው በፌስታል ያቆዩልኛል፤ ቀለሙንም ይመርጡልኛል።

ቀለም ላይ ቋንቋችን ሀብታም ነው፤ ተጠቀሙበት። ገብስማ አውራ ዶሮ ካገኛችሁ አትለፉት። በላባው ላይ ነጭና ግራጫው ስለሚፈራረቅ ውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሕይወት ያለው ይመስላል። ዝግርማም እንዲሁ። ቀዩ ለእጭ፣ ጥቁሩ ለደፈረሰ ውሃ ይሆናል። ነጩን ለማቅለሚያ አስቀምጡት።

ላባውን በለስላሳ ሳሙና እጠቡ፣ በጥላ አድርቁ፣ ከዚያም ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን አሳድሩትና ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ውስጥ አኑሩት። ይህን ያልሠራ ሰው የዓመት ላባው በብል ሊበላበት ይችላል። የዱር ወፍ ላባ ለማግኘት ብላችሁ ግን ወፍ አትንኩ። የጣና ዳር ወፎች የሐይቁ ጌጥ ናቸው፤ ከዶሮ የማይገኝ ነገር ለጀማሪ አያስፈልገውም።

የአገራችን ዶሮ የማይበቃበት አንድ ቦታ አለ። በውሃ ላይ ለሚንሳፈፍ ዝንብ ቃጫው አጭር፣ እኩልና ጠንካራ የሆነ ረጅም ላባ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ብቻ ተብለው የሚራቡ አውራ ዶሮዎች በአሜሪካ አሉ። የእኛው ላባ ለስለስ ስለሚል ይሰጥማል። ባሌ ወርዳችሁ ትራውት በተንሳፋፊ ዝንብ ለማጥመድ ካሰባችሁ ይህን ላባ ከውጭ ግዙ፤ ወይም ዝንቡን እንዳለ ግዙ። ለጣና ግን ልስላሴው ራሱ ጥቅም ነው፤ ውሃው ትንሽ ሲነካው ይርገበገባል።

የትኛው ዝንብ ለየትኛው ዓሣ?

ለነጭ ዓሣ በመጀመሪያ ጠጉራሙን ዝንብ እሰሩ። ፈረንጆቹ ዉሊ በገር ይሉታል። 6 ቁጥር መንጠቆ ሞርሳው ላይ አጥብቁ። ክሩን ከዓይኑ፣ ማለትም ገመዱ ከሚታሰርበት ቀዳዳ፣ አጠገብ ጀምራችሁ እስከ መታጠፊያው ድረስ ጎን ለጎን ጠምጥሙ። ከዶሮው ጭን አካባቢ ያለውን ለስላሳ ላባ ለጭራ እሰሩ፤ ርዝመቱ ከመንጠቆው ግንድ አይብለጥ። እዚያው ላይ የመዳብ ሽቦውንና የአንገት ላባውን በጫፉ በኩል እሰሩ። የበጉን ጠጉር በጣታችሁ እያሾራችሁ ወደ ዓይኑ ጠምጥሙ፤ ዓይኑ ሊደረስ የሁለት ሚሊሜትር ያህል ሲቀር ቁሙ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቦታውን ይጨርስና ራሱን የሚቋጭበት ያጣል። ላባውን በአምስት ዙር ወደፊት አምጡት፤ ሽቦውን ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ በላዩ አዙሩበት። የሽቦው ሥራ ማጠንከር ነው፤ ላባው ቢበጠስ እንኳ ዝንቡ አይፈታም። ራሱን ቋጭታችሁ የጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ ጣሉበት። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ይፈጅባችሁ ይሆናል፤ ሃምሳኛው ሩብ ሰዓት።

የዓሣ ጫጩት የሚመስለው ዝንብ ከዚህ ይቀላል፦ ነጭ የፍየል ጠጉር ከታች፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ከላይ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ወርቅማ ክር። አምስት ሴንቲሜትር ይብቃው። በጣና አሳዳጆቹ የሚበሏቸው ትንንሽ ዓሦች መጠናቸው ወደዚህ ይጠጋል። ውሃው ጠርቶ ሲውል እኔ ይህን ነው የምመርጠው፤ ከጎርፍ በኋላ ሲደፈርስ ጠጉራሙን በጥቁር። በቡናማ ውሃ ውስጥ ዓሣው ቀለም ሳይሆን ጥላ ነው የሚያየው።

ቆሮሶ አብዛኛውን ጊዜ አልጌ ስለሚበላ በዝንብ ብዙ አይታለልም። ለሞከረ ሰው በ12 ቁጥር መንጠቆ ላይ የታሰረ ትንሽ አረንጓዴ እጭ፣ ሳይጎተት ቀስ ብሎ እንዲሰጥም ቢተው ይሻላል። ለአምባዛ ግን ዝንብ አትሰሩለት፤ እሱ በማሽተት የሚመራ ዓሣ ነው፣ በትል አጥምዱት።

የዝንብ ዘንግ የሌላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በተራ ዘንግና በናይሎን ገመድ ላይ ጥቂት ውሃ የሚሞላበት ግልጽ ፕላስቲክ ተንሳፋፊ አስራችሁ ከእሱ ወዲያ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ዝንቡን ብታንጠለጥሉ ይሠራል። ሐይቁ በአማካይ ስምንት ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ያለው ስለሆነ ዳር ዳሩን ለሚያጠምድ ሰው ከባድ ነገር አያስፈልገውም። እርሳስ አትጠቀሙ፤ ክብደት ከፈለጋችሁ ከበጉ ጠጉር ሥር የመዳብ ሽቦ ጠምጥሙ።

መንጠቆ

እዚህ ላይ አትቆጥቡ። በገበያችን የሚገኘው መንጠቆ ለአምባዛ የታሰበ ነው፤ ብረቱ ወፍራም፣ ጫፉ ደነዝ ያለ። ለዝንብ ተብሎ የተሠራው ቀጭን፣ ስለታምና ግንዱ ረዘም ያለ ነው። አንድ ሣጥን 6 ቁጥርና አንድ ሣጥን 12 ቁጥር አስመጡ፤ ለዓመት ይበቃችኋል። የምትገዙትን መንጠቆ ጥራት በጥፍራችሁ ፈትኑ፤ ጫፉን ጥፍራችሁ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ስትጎትቱት መንሸራተት ሳይሆን መያዝ አለበት።

የመንጠቆውን ጆሮ፣ ማለትም ወደ ኋላ የወጣውን ሹል፣ ከማሰራችሁ በፊት በፒንሳ ተጭናችሁ አስተኙት። ቀድማችሁ አድርጉት፤ መንጠቆው ከተሰበረ ባዶውን ይሰበር። ጆሮው የተኛ መንጠቆ ገመዱ ካልላላ ዓሣ አያመልጠውም፤ ሲለቁት ግን አፉን ሳይቀድ ይወጣል።

የት እና መቼ?

ነጭ ዓሣን ከያዛችሁት በኋላ ልቀቁት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኛው ዝርያ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ገደማ፣ ለመራባት ከሐይቁ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ ወዲህ ይህ መሰብሰቡ ለጥፋት ዳረገው፤ ሊራባ የመጣው ዓሣ በመረብ በገፍ ይወጣል፣ በወንዞቹም ላይ ብርብራ እየተወቀጠ ይመረዛል። በዚያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ ዝንብ መጣል ቀላል ነው፤ አታድርጉት። ክረምት የማሰሪያ ጊዜ ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ሞርሳው አጠገብ ተቀመጡና ከኅዳር ጀምሮ የምትጠቀሙበትን የዝንብ ሣጥን ሙሉ።

ውሃ ውስጥ ገብቶ ማጥመድ በባሌ ወንዞች ያምራል፤ በጣና ግን ከዳር ወይም ከጀልባ ላይ ሁኑ። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ስለሚወጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃችሁን ሰብስቡ። በገዳማቱ ዳርቻ ከማጥመዳችሁ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ። ባሌ ለመሄድም የፓርኩን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከውሃ የተመለሰ ዝንብ ወደ ሣጥኑ ወዲያው አይገባም። የበግ ጠጉሩ የጠጣውን ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚይዝ አብረውት ያሉትን መንጠቆዎች ሁሉ ያዝጋል። እኔ በመስኮቱ ደፍ ላይ በቡሽ ቁራጭ ላይ እሰካቸዋለሁ፤ በማግስቱ ሣጥኑ ውስጥ የሚገቡት ላባቸው ተነፋፍቶ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሲመለስ ነው።